ፖፖ ላይ ለተቀመጠ ልጅ ስልክ አይሸለምም

ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ ያለበት ቤት ከሄዳችሁ ይህቺን ድርድር ሳትሰሟት አትቀሩም፦ «ፖፖ ላይ ከተቀመጥክ ስልክ እሰጥሃለሁ።» ልጁ ይቀመጣል፣ ካርቱኑ ይከፈታል፣ ቤቱ ጸጥ ይላል። አንዳንዴም ይሳካል። ችግሩ ግን እዚሁ ላይ ይጀምራል።

ከወዲሁ እንግባባ፤ ልጅን መሸለም ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። እናቶቻችንም ይሸልሙ ነበር። ልጁ ፖፖው ላይ ሲሸና ቤተሰቡ ያጨበጭባል፣ አያት እልል ትላለች፣ ለጎረቤት ሳይቀር ይነገራል። ከረሜላ ከተገኘ ይሰጠዋል፣ ካልተገኘም «የኔ ጎበዝ!» ተብሎ ይሳማል። ለሁለት ዓመት ልጅ ሰው ሁሉ በእሱ ሲደሰት ከማየት የሚበልጥ ሽልማት የለም። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ልጁ ሲለምድ ደግሞ ራሱ ቀስ እያለ ይቀራል።

ስልክ ግን እንደዚያ አይደለም። አንደኛ ነገር፣ ፖፖ መልመድ ማለት መቀመጥ መቻል ማለት አይደለም። ልጁ «ሽንቴ መጣ» የሚለውን ስሜት ለይቶ ሲያውቅ፣ ትንሽ መያዝ ሲችል፣ ከዚያም ሲለቅ ነው ለመደ የሚባለው። ዓይኑም ጆሮውም ካርቱን ውስጥ የገባ ልጅ ይህን ስሜት አያዳምጥም። ሃያ ደቂቃ ተቀምጦ በተነሣ በሁለተኛው ደቂቃ ሱሪው ላይ ቢሸና አይግረማችሁ።

ሁለተኛ፣ ሕፃናት ድርድር ቶሎ ይገባቸዋል። ዛሬ እናንተ የጀመራችሁትን ነገ እሱ ይቀጥለዋል፦ «ስልክ ካልሰጣችሁኝ እምቢ!» እልህ ውስጥ ገብቶ ካካውን መያዝ ከጀመረ ደግሞ ነገሩ ከቀልድ ያልፋል። የተያዘ ሰገራ ይደርቃል፣ ሲወጣ ያማል፣ ልጁም ሕመሙን ፈርቶ መልሶ ይይዛል። ከዚህ አዙሪት ለመውጣት ሐኪም የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ።

ሦስተኛ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ለሁለት ዓመት ልጅ የስክሪን ጊዜ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ቢያንስ ደግሞ የተሻለ እንደሆነ ይመክራል። ልጅ ፖፖ የሚቀመጠው በቀን ስንት ጊዜ ነው? ሒሳቡን እናንተው ሥሩት።

ስለ ሽልማት ካነሣን አይቀር፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመ አንድ የታወቀ የአሜሪካ ጥናት አለ። ማርክ ሌፐርና ሁለት ባልደረቦቹ ሥዕል መሣል የሚወዱ የአጸደ ሕፃናት ልጆችን ወስደው፣ ለተወሰኑት «ከሣላችሁ ትሸለማላችሁ» ብለው አስቀድመው ቃል ገቡላቸው። በኋላ ሲታይ፣ ቃል የተገባላቸው ልጆች ሽልማቱ ሲቀር ለሥዕል የነበራቸው ፍላጎት ቀንሶ ተገኘ። ሳይታሰብ የተሸለሙት ላይ ግን ይህ አልታየም። ሥዕልና ፖፖ አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም። «ይህን ካደረግክ ያንን እሰጥሃለሁ» ማለትና ልጁ ካደረገው በኋላ አብሮ መደሰት ግን ይለያያሉ።

«አንተ ምን አለብህ፣ ጊዜ ያለው ሰው ያውራ» የምትሉ እንዳላችሁ ይገባኛል። እውነት አላችሁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ታገኛለች። ከዚያ በኋላ ልጁ ከሞግዚት፣ ከአያት ወይም ከሕፃናት ማቆያ ጋር ነው የሚውለው። የዳይፐር ዋጋ ኪስ ያራቁታል። «ዳይፐር ያልተወ ልጅ አንቀበልም» የሚል መዋዕለ ሕፃናትም አለ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ በቀን አራት ሱሪ ማጠብ ቀላል አይደለም። ጥድፊያው ከየት እንደመጣ ይታወቃል።

ግን ጥድፊያው የልጁን ሰውነት አያፋጥነውም። ዝግጁ የሆነ ልጅ ምልክት ያሳያል፦ ሁለት ሰዓት ያህል ሳይሸና ይቆያል፣ ሱሪውን ራሱ ዝቅ ለማድረግ ይሞክራል፣ ቀላል ትእዛዝ ይሰማል፣ ሲረጥብ ይደብረዋል። አንዱ በሁለት ዓመቱ ይደርሳል፣ ሌላው ሦስት ካለፈው በኋላ። የሌሊቱ ደግሞ ከቀኑ ይዘገያል፤ የአራት ዓመት ልጅ ሌሊት አልጋ ላይ ቢሸና ስንፍና አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ፖፖው ልጁ በሚያየው ቦታ ይቀመጥ። ጠዋት ሲነሣና ከምግብ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ አስቀምጡት፤ ካልመጣ «እሺ፣ በኋላ» ብላችሁ አንሡት። ላስቲክ ያለው ሱሪ አልብሱት። ከተሳካለት አጨብጭቡለት፣ እጁን አብራችሁ ታጠቡ፣ ከፈለጋችሁም ግድግዳ ላይ ተለጣፊ ሥዕል ይለጥፍ። ሳይሳካ ሱሪው ላይ ከሸና ግን ሳትቆጡ ቀይሩለት። ቀድሞ «መጣ» ብሎ ከተናገረ፣ ባይደርስም እንኳ «ጎበዝ፣ ነገርከን» በሉት። ሞግዚቷም፣ አያትም፣ አክስትም አንድ ዓይነት ነገር ያድርጉ። አንዱ እያጨበጨበ ሌላው ከተቆጣ ልጁ ግራ ይጋባል።

ሁለት ነገሮች ደግሞ ጨርሶ ይቅሩ። «ሽንታም» የምትለዋን ስድብ ለልጅ አትጠቀሙ፤ እኛ እየሳቅን የምንላት ነገር እሱ ላይ ስም ሆና ትቀራለች። ፖፖ ላይ የተቀመጠ ልጅ እየቀረጻችሁ ቲክቶክ ላይ አትልቀቁ። ዛሬ ያስቃል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ የክፍል ጓደኞቹ ሲያገኙት ግን የሚያፍረው እሱ ነው። ፈቃድ እንዳንጠይቀው ገና አፉን አልፈታም፤ ስለዚህ ገመናውን መጠበቅ የእኛ ድርሻ ነው።

ይህን በስልክ የምታነቡ ብዙዎቻችሁ ገና አልወለዳችሁ ይሆናል። የእህታችሁን፣ የወንድማችሁን ልጅ ግን ትይዛላችሁ፤ ሲያለቅስ ስልክ የምንሰጠውም አብዛኛውን ጊዜ እኛው ነን። በሚቀጥለው ጊዜ ፖፖው ላይ ሲቀመጥ ስልኩን ኪሳችሁ ከትታችሁ አጠገቡ ቁጭ በሉ፣ ተረት አውሩለት፣ ዝፈኑለት። አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።