ስፖንዳው ሲበላሽ ድንቹ የት ይደር?

የፒክአፕ የኋላ ስፖንዳ ሥራው ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ደባርቅ መናኸሪያ ለቆመ ሹፌር ብናቀርብለት መጀመሪያ ይስቅብናል፤ ቀጥሎ “ይከፈታል፣ ይጫናል፣ ይዘጋል” ብሎ ይገላግለናል። ለብዙ ዘመን ነገሩ ይኸው ነበር። አሁን አሁን ግን ስፖንዳ መሰላልም፣ ወንበርም፣ ጠረጴዛም፣ አልፎ ተርፎ ሙዚቃ ቤትም ሆኗል። እኛም እስኪ ዛሬ በዚህ እንከራከር አልን። ይሄ ሁሉ ጣጣ ይጠቅማል ወይስ ነገር ማወሳሰብ ነው?

ለማታውቁት ባጭሩ እንንገራችሁ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። የ2006 ሞዴሉ ሆንዳ ሪጅላይን ስፖንዳው ወደ ታችም፣ እንደ ቤት በር ወደ ጎንም እንዲከፈት ሆኖ መጣ። ፎርድ በ2009 ሞዴል ኤፍ-150 ላይ ከስፖንዳው ውስጥ ተስቦ የሚወጣ መርገጫ ከነመያዣ ብረቱ አስገባ። ጂኤምሲ በ2019ኙ ሲዬራ ስድስት ዓይነት አገልግሎት የሚሰጥ፣ በውስጡ ሌላ ትንሽ ስፖንዳ ያዘለ፣ በሁለት የኤሌክትሪክ ቁልፎች የሚታዘዝ ስፖንዳ አቀረበ፤ በኋላም ለፈለገ ሰው ድምፅ ማጉያ ጨመረበት። ራም ስፖንዳውን 60 በ40 ከፍሎ እንደ ግቢ በር ግራና ቀኝ አስከፈተው። ፎርድ ደግሞ በ2021 ሞዴሉ ስፖንዳው ላይ ማስመሪያ አውጥቶ የአናጢ ጠረጴዛ አደረገው።

ድምፅ ማጉያውን ሰምታችሁ አትሳቁ። እኛስ ለበዓል ፒክአፕ ላይ ሞንታርቦ ጭነን ከተማ እናዞር የለም እንዴ? ልዩነቱ የኛ ሞንታርቦ ሲበላሽ እሱ ይወርዳል፣ መኪናው ወደ ጭነቱ ይመለሳል። ይህችን ልዩነት ያዙልን፤ የክርክራችን ሁሉ ቁልፍ እሷ ናት።

በዚህ ጉዳይ ሁለት ጎራ አለ። አንደኛው “የድሮ ሃይሉክስ ምን ጎደለው? ይሄ የሀብታም ጨዋታ ነው” የሚል ነው። ሁለተኛው አዲስ ነገር ሁሉ ሥልጣኔ የሚመስለው ነው። እኛ ከሁለቱም ጋር አልተስማማንም። የኛ መለኪያ አንዲት ጥያቄ ናት፤ ያ ነገር ሲበላሽ ሥራ ያስቆማል ወይስ አያስቆምም?

ጥያቄዋን ደባርቅ ላይ የምንጠይቀው በምክንያት ነው። የመኪና ማስታወቂያ የሚቀረጸው በታጠበ መኪና ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከሷ ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ ወደ ሳንቃበርና ወደ ጨነቅ የሚያወጣው መንገድ ጠጠርና አቧራ አያጣውም፤ ክረምት ሲገባ ጭቃ፣ ሌሊት ደግሞ ቆፈን አለ። በሌላ በኩል በጣልያን ወረራ ዘመን የተቆረጠው፣ እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማ የሚወርደው ሊማሊሞ አለ። (ጣልያን ሲሄድ መንገዱንም “ስፖንዳ” የሚለውን ቃልም ትቶልን ሄደ።) ዳገት ሲወጣ ጭነት ሁሉ ወደ ኋላ ተንሸራቶ የሚደገፈው ስፖንዳው ላይ ነው። እዚያ የመቀርቀሪያ ነገር ቀልድ አይደለም።

ጭነቱንም እንወቀው። ከዳባትና ከደባርቅ ገጠር ገብስ፣ ባቄላ፣ ድንችና ነጭ ሽንኩርት በኩንታል ይወጣል፤ ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶና የአፈር ማዳበሪያ ይገባል። አጠና ሲጫን ከካሶኒው ስለሚረዝም ስፖንዳው ተከፍቶ፣ በሰንሰለት ወይም በሽቦ ገመድ ተንጠልጥሎ ነው የሚሄደው። አምቡላንስ ባልደረሰበት ቀን ደግሞ በቃሬዛ እስከ መንገድ የመጣ ሕመምተኛ ባገኘው መኪና ካሶኒ ላይ ይሳፈራል። የዚያን ቀን ስፖንዳ አልከፈትም ቢል ምን ይባላል?

እንግዲህ በመለኪያችን እንፈትናቸው። ስፖንዳ ቀስ ብሎ እንዲወርድ የሚይዘው የጋዝ ዘንግ ያልፋል። የድሮ ከባድ ስፖንዳ በድንገት ሲወድቅ ጉልበት ይመታል፣ ጣት ይቀጠቅጣል። ዘንጉ ቢደክም ደግሞ የሚመጣው ያው የድሮው ክብደት ብቻ ነው፤ በሁለት እጅ ይዞ ማውረድ ይቻላል። መርገጫውም ያልፋል። የዛሬ ፒክአፖች ከፍታቸው ጨምሯል፤ ሽማግሌና ነፍሰ ጡር ጎማ ረግጠው ካሶኒ ይውጡ ማለት ግፍ ነው። መርገጫው ቢጣመም እስኪበየድ በርጩማ ይተካዋል። የኋላ ካሜራም ያልፋል፤ እንዲያውም አህያና ሕፃን በሚተራመስበት የገበያ ቀን ወደ ኋላ ለሚነዳ ሰው እጅግ ጠቃሚ ነው። ቢጠፋ ረዳቱ ወርዶ “ና! ና! በቃ!” ይላል። ስፖንዳው አሁንም ይከፈታል።

የሚወድቀው መክፈቻው ራሱ በኤሌክትሪክ ብቻ የሚታዘዝ ሲሆን ነው። ይህን ስንል የገጠር ሰው ፍርሃት እንዳይመስላችሁ፤ የሠሪዎቹ የራሳቸው አገር ምስክር ነው። በ2018 አሜሪካ ውስጥ ከ1 ሚሊዮን በላይ የራም ፒክአፖች እንዲጠገኑ ተጠርተው ነበር። ምክንያቱ በኤሌክትሪክ የሚቆለፈው ስፖንዳ ውስጥ ያለች ትንሽ ክፍል ተሰብራ መኪናው እየሄደ ስፖንዳው ሊከፈት መቻሉ ነበር። በ2024 ደግሞ ጂኤም ከ300 ሺህ በላይ ከባድ ፒክአፖቹን ጠራ፤ የስፖንዳው የኤሌክትሪክ መክፈቻ ውኃ ሲገባበት በራሱ ሊከፈት ይችላል ተብሎ። እዚያ ባለመኪናው ወደ ወኪሉ ይነዳል፣ በነጻ ይቀየርለታል። ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ያች መክፈቻ እስክትመጣ ድንቹ የት ይደር?

“እንግዲያው ቀላል ነገር ብቻ ይሻላል ማለታችሁ ነው?” የምትሉን ትኖራላችሁ። አይደለም። አይሱዙን ተመልከቱ። መንገድ ላይ ባደረሰው አደጋ “አልቃይዳ” የሚል ስም ያወጣንለት ያው የጭነት አይሱዙ ስፖንዳው በሦስት በኩል ይከፈታል፤ ከኋላ፣ ከግራ፣ ከቀኝ። ጫኝና አውራጅ እንደ ቦታው ጠባብነት የሚመቸውን መርጦ ያወርዳል። ይሄ እኮ ከአንድ ወጥ ስፖንዳ የተወሳሰበ ነው፤ ስንት ማጠፊያ፣ ስንት መቀርቀሪያ አለው! ግን ሁሉም በዓይን ይታያል። መቀርቀሪያው ቢጣመም በመዶሻ ይቃናል፣ ፒኑ ቢጠፋ ከብረት ተቆርጦ ይተካል፣ የተሰነጠቀው ይበየዳል። አንዱ ጎን እምቢ ቢል ሁለት ጎን ቀርቶለታል። አሜሪካ በ2019 አዲስ ግኝት ብላ የሸጠችውን ባለብዙ አከፋፈት ስፖንዳ እኛ በገበያችን ስንጠቀምበት ኖረናል ማለት ነው። ውስብስብነት አልጠላንም፤ የጠላነው ተደብቆ የሚበላሸውን ነው።

ታዲያ ይህ ክርክር ለከተሜው አንባቢ ምን ይረባዋል? ይረባዋል፤ ምክንያቱም የብዙ መሥሪያ ቤትና ድርጅት ፒክአፕ የሚመረጠው ከተማ ውስጥ፣ በጨረታ ሰነድ ላይ ነው። ሰነዱን የሚጽፈው ሰው ኩንታል አይሸከምም፤ ኩንታል የሚሸከመው ደግሞ ሰነዱን አያየውም። ነገ ሰነዱን የምትጽፉት ምናልባት ከእናንተ መሐል ያላችሁት ናችሁ። ጉዳዩ ደግሞ እየቀረበ ነው። መንግሥት በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በየመንገዱ በዝቷል። ፒክአፑም ሲከተል በሩ፣ ቁልፉ፣ ስፖንዳው በኤሌክትሪክ መታዘዙ አይቀርም። የኤሌክትሪክ መኪና ከትልቁ ባትሪ ሌላ እንዲህ ያሉትን የሚያንቀሳቅስ ትንሽ ባትሪም አለው፤ እሷ በቆፈን ሌሊት ከሞተች የኤሌክትሪክ መክፈቻው አብሮ ይተኛል።

ስለዚህ ስትገዙ ወይም ስታስገዙ ሦስት ነገር ጠይቁልን። ባትሪ በሌለበት ስፖንዳው በእጅ የሚከፈትበት ዘዴ አለ ወይ? ተከፍቶ ሲንጠለጠል የሚችለው ክብደት ስንት ነው? ሲሰበር የቅርቡ ጋራዥ ሊፈታው ይችላል ወይ? ከሻጩ መልስ በኋላ ደግሞ አንድ ሹፌርና አንድ ጫኝ ጠርታችሁ ስፖንዳውን እንዲከፍቱት አድርጉ፤ በጭቃ እጃቸው። የሚሉትን ስሙና ከዚያ ፈርሙ።