መንግሥት ያልሆነ ጦር ባሕር ሲዘጋ

ወገኖቼ፣ ጦርነት ሲባል ምን ይታያችኋል? ነጋሪት ሲጎሰም፣ ክተት ሲታወጅ፣ የሁለት አገር ጦር ድንበር ላይ ሲፋጠጥ፣ አይደል? አልፈርድባችሁም፣ ታሪካችንን የተማርነው እንደዛ ነው። ደጃችን ላይ ያለው ጦርነት ግን እንደዛ አይደለም።

የቀይ ባሕሩን ነገር እንይ። ሁቲዎች ሰንዓን ከያዙ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ አብዛኛው ዓለም ግን እንደ መንግሥት አያውቃቸውም። ኅዳር 2016 ላይ በሄሊኮፕተር ወርደው «ጋላክሲ ሊደር» የተባለችውን መኪና ጫኝ መርከብ ከነ25 ሠራተኞቿ ያዙ። ሲወርዱ በካሜራ እየቀረጹ ነበር። በማግስቱ ቪዲዮው በየስልካችን ገባ፤ ስንቶቻችሁ ሼር እንዳደረጋችሁት ቤት ይቁጠረው! እኔ እንደሚገባኝ ዋናው መሣሪያ ቪዲዮው ነው። ባሕር ለመዝጋት ሁሉንም መርከብ መምታት አያስፈልግም፤ የመርከብ ባለቤቱንና ኢንሹራንስ ሰጪውን ማስፈራት ይበቃል። እነ ሜርስክ ራሳቸው መንገድ ቀይረው በደቡብ አፍሪካ ዞሩ።

ሒሳቡም ይገርማል። ሺዎች ዶላር የሚያወጣ ድሮን ለመጣል 2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ሚሳይል ይተኮሳል። ግብፅን ደግሞ ተመልከቱ፦ ማንም ጦርነት አላወጀባትም፤ የስዊዝ ቦይ ገቢዋ ግን እ.ኤ.አ. በ2023 ከነበረበት 10 ቢሊዮን ዶላር ገደማ በ2024 ወደ 4 ቢሊዮን ወረደ። ያ ሁሉ ታንክና ተዋጊ ጄት ምን ፈየደላት? አሜሪካም ሳምንታት ሙሉ ደብድባ ደብድባ፣ ሚያዝያ 2017 ላይ በኦማን አሸማጋይነት ተኩስ ለማቆም ተስማማች፤ ያውም ከታጣቂ ቡድን ጋር!

«እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ከሞሮኮ የምንገዛው ማዳበሪያ በአጭሩ መንገድ ጅቡቲ የሚደርሰው በስዊዝ ገብቶ፣ ባብ ኤል መንደብን አልፎ ነው። መንገዱ ሲረዝም ኪራዩ ይጨምራል፤ ዕዳው የሚወርደው የሁቲን ስም ሰምቶ በማያውቅ የጎጃም ወይም የአርሲ ገበሬ ላይ ነው።

እናም የባሕር በር ጉዳይ ሲነሳ (ይነሳ፣ ተገቢ ጥያቄ ነው) ካርታ ላይ ወደብ እያከበባችሁ ብቻ አትከራከሩ። ወደብ ነገ ብናገኝ እንኳ፣ ማዶ ተራራ ላይ ድሮን ይዞ የተቀመጠውን ቡድን በምን እንመልሰዋለን? ለመርከባችንስ ኢንሹራንስ የሚገባልን ማነው፣ በስንት? በየኮሜንቱ ስለ ወደብ ስትሟገቱ አያለሁ፤ ይህን የጠየቀ ግን ገና አልገጠመኝም።