ዕድሜን የሚዋሽ ግድግዳ

በአንድ ታሪካዊ ሕንፃ ጎን በዚንክ የተለበጠ ዘመናዊ ተቀጥላ በቆመ ቁጥር ከአንዳንድ ወገኖች የሚሰነዘረው ነቀፌታ አንድ ዓይነት ነው፤ «ድንጋዩን በቆርቆሮ አዋረዱት» ይላሉ። መፍትሔ ብለው የሚያቀርቡትም የተለመደ ነው። ተጨማሪው ክፍል የአሮጌውን መልክ ይያዝ፣ መስኮቱ እንደ መስኮቱ፣ ቅስቱ እንደ ቅስቱ ይሁን፣ ሲሚንቶውም ድንጋይ እንዲመስል ይጫር የሚል ነው። ይህ አመለካከት የቅርስ ተቆርቋሪነትን ካባ ቢደርብም፣ በመሠረቱ ቅርስን የሚጎዳ ነው።

በቅድሚያ ቃሉን ማጥራት ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ከተሞች ጣሪያ ላይ የሚታየው ቆርቆሮ ብረት ነው፤ ዚንኩ በላዩ የተለበጠ ስስ ሽፋን ብቻ ነው። ሽፋኑ ሲያልቅ ብረቱ ይዝጋል። ለግድግዳ ልባስ የሚውለው ዝርግ ግን እስከ ውስጡ ዚንክ ነው። ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሚሊሜትር እንኳ ባይሞላም፣ ከአየርና ከዝናብ ጋር ሲገናኝ በላዩ ግራጫ ሽፋን ያበጃል፤ ይኸው ሽፋን ማዕድኑን ይጠብቀዋል። ስለዚህ ዚንክ ዕድሜውን አይደብቅም፤ እያደር ይጠቁራል፣ እያደር ይረጋል።

በርሊን የሚገኘው የአይሁድ ሙዚየም ለዚህ ክርክር ሁነኛ ምሳሌ ነው። አሮጌው ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1735 ለፍርድ ቤት የተሠራ የባሮክ ዘመን ቤት ሲሆን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ክፉኛ ተጎድቶ በ1960ዎቹ እንደገና ታነጸ። በ1989 የማስፋፊያውን ውድድር ያሸነፈው አርክቴክት ዳንኤል ሊበስኪንድ ከጎኑ ሌላ ባሮክ አልጨመረም። እንደ መብረቅ የሚሰባበር፣ በዚንክ የተለበጠ፣ መስኮቶቹ እንደ ሰይፍ ቁስል ግድግዳውን የሚሰነጥቁ ሕንፃ አቆመ። ሕንፃው በ1999 ተጠናቀቀ፤ ሙዚየሙም በ2001 ለሕዝብ ተከፈተ። ሁለቱ ቤቶች ከመሬት በላይ አይያያዙም። ጎብኚው በአሮጌው በር ገብቶ፣ በደረጃ ወደ ምድር ውስጥ ወርዶ ወደ አዲሱ ይሻገራል።

ይህ ተቀጥላ የባሮክ ልብስ ቢለብስ ኖሮ ምን ይናገር ነበር? ከ1735 ወዲህ በዚያች ከተማ ምንም እንዳልተፈጸመ፣ የተሰደደም የተገደለም እንደሌለ ይመሰክር ነበር። ከዚህም በላይ አሮጌው ራሱ ከጦርነቱ በኋላ የታነጸ በመሆኑ፣ በእርሱ ላይ ሌላ ቅጂ መጨመር የታሪክን ገጽ ጨርሶ የማይነበብ ያደርገው ነበር። አዲሱ አዲስነቱን ስላልካደ ግን አሮጌው አሮጌነቱን ይዞ ቆሟል።

ይህ የአንድ ሰው ፈሊጥ አይደለም። በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር በታሪካዊ ሕንፃ ላይ የሚጨመር አስፈላጊ ሥራ ከነባሩ እንዲለይና የዘመኑን ማኅተም እንዲይዝ ይጠይቃል። ዳሩ ግን ቻርተሩ ለማንም የፈለገውን የማድረግ ፈቃድ አልሰጠም፤ ተጨማሪው ሥራ የነባሩን ማራኪ ክፍሎች፣ አቀማመጡን፣ ሚዛኑንና ከአካባቢው ጋር ያለውን ግንኙነት እንዳያጎድፍ ያስጠነቅቃል።

በዚህም ምክንያት ትችቱ በሌላው ወገን ላይም ሊያርፍ ይገባል። ዚንክን እንደ ፋሽን ይዘው፣ ግራጫ ዝርግ በለጠፉበት ሁሉ ሥልጣኔ የመጣ የሚመስላቸው አሉ። ከአሮጌው ጣሪያ በላይ ገዝፎ የሚያፍነው ተቀጥላ በምንም ቢለበጥ ጥፋት ነው። ሙያውም ቸልታን አይምርም፤ ዚንክ በሙቀት ይለጠጣል፣ በብርድ ይሰበሰባል፤ ከጀርባው አየር ካልዞረም የታፈነ እርጥበት በነጭ ዝገት ይበላዋል።

«ባዕድ ማዕድን ነው» የሚለውም ተቃውሞ ብዙ አይራመድም። ፓሪስ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጣሪያዋን በዚንክ ስታለብስ ማዕድኑ የፋብሪካ ምርት ነበር። በ2024 ግን ዩኔስኮ የፓሪስን የዚንክ ጣሪያ ሠራተኞች ሙያ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አሰፈረው። በሐቅ የተሠራ የዛሬ ሥራ የነገ ቅርስ ይሆናል፤ የትናንት ቅጂ ግን ነገም ቅጂ ነው።

በኢትዮጵያም አሮጌ ቤቶች ሙዚየም፣ ትምህርት ቤት ወይም መሥሪያ ቤት ሆነው ሲጠቡና ተጨማሪ ክፍል ሲያስፈልጋቸው ይኸው ጥያቄ ይነሣል። መልሱ የግድ ዚንክ አይደለም፤ ጡብም፣ እንጨትም፣ የአገር ድንጋይም ሊሆን ይችላል። የማይታለፈው ግዴታ አንድ ነው፤ መምህሩ ተማሪዎቹን ከግድግዳው ፊት አቁሞ «ይህን አያቶቻችሁ ሠሩት፤ ያንን አባቶቻችሁ ጨመሩ» ብሎ በጣቱ ሊያሳይ መቻል አለበት። ድንጋይ መስሎ የተጫረ ሲሚንቶ ይህን ትምህርት ይነፍጋል። የአያቶችን ሥራ ከቅጂው ጋር ቀላቅሎ ያሳንሳል፤ የአባቶችንም ድርሻ ከታሪክ ይፍቃል።