ኮንቴይነሩን ከመጫናችሁ በፊት

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፤ ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስትመካከሩ ሰማኋችሁ። ያገለገሉ ቬንዲንግ ማሽኖች እዚሁ ቨርጂኒያ በርካሽ ገዝታችሁ፣ በኮንቴይነር ጭናችሁ፣ አዲስ አበባ ሆስፒታልና ኮሌጅ ውስጥ ልትተክሉ ነው። ገንዘቡ ከየት እንደሚወጣም ሰማሁ፤ ከጡረታችሁ። ያን ዕለት ዝም ያልኩት የምለው አጥቼ አይደለም፤ በሰው ፊት መናገሩ ከብዶኝ ነው። እኔ ሄጄበት ባዶ እጄን የተመለስኩበት መንገድ ስለሆነ ዛሬ እጽፍላችኋለሁ።

በዚህ አገር 19 ዓመት ማሽን ስሞላ ኖሬያለሁ። ትርፍ የሚያመጣው ማሽኑ ብቻውን አይደለም፤ የማይጠፋ መብራትና በየሰው ኪስ ያለ ካርድ ነው። ያም ሆኖ ካርድ አንባቢው ከ100 ዶላር ሽያጭ 5 ወይም 6 ዶላር ይቆርጣል፣ በየወሩ ቋሚ ክፍያ አለው፣ ባለ ሕንፃውም ድርሻውን ይጠይቃል። እዚህ በቀጭን ትርፍ የሚኖር ሥራ እዚያ ምን እንደሚገጥመው አስቡት።

መብራቱን ላስቀድም። እነዚህ ማሽኖች የተሠሩት ለ120 ቮልትና ለ60 ሄርዝ ነው። አገራችን 220 ቮልትና 50 ሄርዝ ናት። ሻጩ «ትራንስፎርመር ግዛ፣ አለቀ» ይላችኋል። አላለቀም። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ሄርዙን አይነካም። ለ60 የተሠራ ኮምፕረሰር በ50 ሲሠራ ዙሩ ይቀንሳል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ቅዝቃዜውም ይደክማል።

ከዚያ መብራት ይሄዳል። ማሽኑን የሚገድለው ግን መሄዱ ብቻ ሳይሆን አመጣጡም ነው። ኮምፕረሰር ከቆመ በኋላ በውስጡ ያለው ግፊት እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል። መብራት ሄዶ ወዲያው ሲመለስ ሞተሩ ያንን ግፊት ተሸክሞ ሊነሳ ይታገላል። እጄን ከጎኑ አድርጌ አዳምጬዋለሁ። ያጉረመርማል፣ ቀጭ ብሎ ይቆማል፣ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ያጉረመርማል። እዚያ የተከልኩት የመጀመሪያው ማሽኔ በሦስተኛው ወር እንዲህ እያለ ቀረ። ሁለተኛው ሳንድዊች የሚሸጠው ነበር። እንዲህ ዓይነቱ ከ5 ዲግሪ በላይ ሞቆ ከቆየ ለሰው ጤና ሲባል ሽያጩን ራሱ ይቆልፋል። ደግ አደረገ፤ እኔ ግን በየሳምንቱ በካርቶን የምጥለው ምግብ ነበረኝ።

ወደ ክፍያው ልምጣ። የኖት መቀበያው የሚያውቀው ዶላር ነው። ብር እንዲያውቅ ፕሮግራሙ መቀየር አለበት፤ እንደ መስከረም 2013 ኖቶቹ ሲለወጡ ደግሞ እንደገና። ከታክሲ ረዳት እጅ የወጣ የላመ ኖት ስታስገቡለት መልሶ ይተፋዋል። ከሁሉ የባሰው መልሱ ነው። እዚህ ማሽኑ መልስ የሚሰጠው በሳንቲም ነው። እዚያ 100 ብር አስገብቶ የ40 ብር ዕቃ ለሚገዛ ሰው ምን ልትሰጡት ነው? በአንድ ብር ሳንቲም ከሆነ 60 ፍሬ። ባለ 200 ብር ኖት ይዞ ለሚመጣውስ?

«ዘመኑ የስልክ ነው» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ወዲህ ሕዝቡን እንዳዳረሰ አይቻለሁ፤ ተስፋም ካለ እዚያው ነው። ነገር ግን ቁጥሩን መስታወቱ ላይ መለጠፍ አይበቃም። ገንዘቡ መግባቱን ማሽኑ ራሱ መስማት አለበት፤ ለዚህም ማገናኛና የማይቋረጥ ኔትወርክ ይፈልጋል። አንዲት ነርስ ከሌሊት ተረኝነት ወጥታ ውኃ ልትገዛ በስልኳ ከፈለች። መከፈሉን የሚገልጽ መልእክት ደረሳት፤ ማሽኑ ግን ዝም አለ። ጥፋቱ እኔ የገጠምኩት ማገናኛ ነበር። ስልኳን ለጥበቃው እያሳየች «ይኸው ከፍያለሁ» ስትል ደረስኩ። ከኪሴ ሰጠኋት፤ ከዚያ ወዲያ ግን ወደ ሱቁ ስትሄድ እንጂ ወደ ማሽኔ ስትመጣ አላየኋትም።

አንድ ነገር ልጨምር። መለዋወጫው የሚገዛው በዶላር፣ ሽያጩ የሚሰበሰበው በብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የሰበሰብኩት ብር አንድ ኮምፕረሰር እንኳ መግዛት አቃተው። ያ ገንዘብ ባለቤቴ 11 ዓመት የሆቴል አልጋ እያነጠፈች ያጠራቀመችው ነበር። እስከ ዛሬ አንድ ቀን አልወቀሰችኝም፤ ይህም የበለጠ ያመኛል።

እለምናችኋለሁ፣ ኮንቴይነሩን አትጫኑ። የግድ ካላችሁ፣ ለገና የሚሄድ ሰው ከመካከላችሁ ይመረጥና ማሽኑ ሊቆም በታሰበበት በር ላይ ሁለት ሳምንት ይቀመጥ። መብራት ስንት ጊዜ እንደሄደና እንደመጣ፣ ገዢው በእጁ የያዘው ምን ኖት እንደሆነ፣ በስልክ የሚከፍለው ስንት እንደሆነ በደብተር ይጻፍ። ማሽንም ከተገዛ ከመነሻው ለ220 ቮልትና ለ50 ሄርዝ የተሠራ ይሁን፤ በጡረታ ገንዘብ ግን አይሁን።

ቀብድ የከፈላችሁ ካላችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ደውሉልኝ። ውሉን ይዛችሁ ኑ፤ ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ቤት ነኝ።