ለልጁ ሲባል

«ለልጁ ሲባል» ከተባለ ክርክር ያበቃል። ሕፃን ፊት ቀድሞ ከቆመ ማን አፉን ይከፍታል? ጃፓን አካል ጉዳተኞችንም ትራንስጀንደሮችንም ከወላጅነት ደጃፍ ስትመልስ የኖረችው ይህንኑ ምክንያት ይዛ ነው። ሁለቱንም የሆነ ሰው ደግሞ ሁለቴ ይመለሳል።

እ.ኤ.አ. ከ1948 እስከ 1996 የሠራው የዩጀኒክስ ጥበቃ ሕግ ዓላማው «ጉድለት ያለበት ዘር» እንዳይወለድ መከላከል እንደሆነ ሳያፍር ጽፎታል። ወደ 25,000 ሰዎች እንዲመክኑ ተደርገዋል፤ 16,500 ያህሉ ሳይፈቅዱ። የዘጠኝ ዓመት ልጆች እንኳ አልተረፉም። በ1953 የወጣ የመንግሥት መመሪያ እንቢ ያለውን ሰው ማሰርም፣ ማደንዘዝም፣ ማታለልም ይፈቅድ ነበር። ነገሩ የጦርነት ዘመን ጉድ እንዳይመስላችሁ፤ ሺንካንሰን ባቡር ዓለምን እያስደነቀ በሚከንፍበት አገር የሆነ ነው።

ሕጉ በተሻረ በሰባት ዓመቱ፣ በ2003፣ ሌላ መጣ። በቤተሰብ መዝገብ ላይ ፆታውን ማስተካከል የሚፈልግ ትራንስጀንደር መጀመሪያ የመውለድ አቅሙን ማጣት ነበረበት፤ ልጅም ሊኖረው አይገባም ነበር። በ2008 ይህ ተሻሽሎ ክልከላው ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ባላቸው ላይ ብቻ ቀረ። የፊተኛው ሕግ ሰውን እየጎተተ ያመክን ነበር፤ የኋለኛው ራሱ ፈርሞ እንዲመጣ ያደርገው ነበር። ፈቃድ ነው ይሉታል! መታወቂያውን ይዞ የሚደራደር መንግሥት ፊት የተሰጠ ፈቃድ።

በኅዳር 2021 ልጅ ያላት አንዲት ትራንስጀንደር ሴት ልጅ ባላቸው ላይ የተጣለውን ይህን ክልከላ ተቃውማ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሳ ነበር። ፍርድ ቤቱ ክልከላው ሕገ መንግሥቱን አይጥስም አለ፤ ዳኛ ካትሱያ ኡጋ ብቻ በሐሳብ ተለዩ። የክልከላው ደጋፊዎች ልጅ ግራ ይጋባል ይላሉ። በምን? ልጅቷ ወላጇን የምታውቃት ከመዝገብ ቤት አይደለም። ጠዋት ምሳ ዕቃዋን የምታሰናዳላትን፣ ትኩሳት ሲይዛት አጠገቧ የምታድረውን ሰው ታውቃለች። ግራ የሚጋባው ወረቀቱን ይዞ የእናቷን ፊት የሚያየው የሆስፒታል መዝጋቢ ነው። ልጅቷስ ከፍ ስትል ምን ትረዳለች? የእናቷ ወረቀት ያልተስተካከለው እሷ በመኖሯ እንደሆነ። ልጅን ለመጠበቅ የወጣ ሕግ ልጅን በወላጇ መንገድ ላይ የተጋደመ እንቅፋት አድርጓታል፤ ከዚህ የባሰ ምን ግራ መጋባት አለ?

የዚህ «ለልጁ ሲባል» የሚል ሐሳብ ሥር ሕግ በመሻር ብቻ አይነቀልም። በታኅሣሥ 2022 የወጣ ዜና እንደሚለው፣ በሆካይዶ የጋራ መኖሪያዎችን የሚያስተዳድር አንድ ድርጅት የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ጥንዶች መጋባት ወይም አብረው መኖር ሲፈልጉ እንዲመክኑ ሐሳብ ያቀርብላቸው ነበር። የሚያስገድድ ሕግ ከቀረ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎ! ልጁን ማን ያሳድጋል ነው ጭንቀቱ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የቀረበው ግን ለተሳሳተው ሰው ነው። ለእነዚህ ወላጆች የሚሆን ረዳት ያላዘጋጀ መንግሥት ነው ሊመልሰው የሚገባ።

በጥቅምት 2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ትራንስጀንደሮች እንዲመክኑ ማስገደድ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለ፤ በሐምሌ 2024 ደግሞ የዩጀኒክስ ሕጉን እንዲሁ፤ ሁለቱንም 15ቱ ዳኞች በአንድ ድምፅ። አንዱን የትራንስጀንደሮች ድል፣ ሌላውን የአካል ጉዳተኞች ድል ብለው ለይተው የሚያከብሩ ወገኖች ይገርሙኛል። የተሸነፈው እኮ ያው አንዱ ነው፦ ማን ወላጅ መሆን እንዳለበት መንግሥት ይመርጣል የሚለው እብሪት።

በእነዚህ በሁለቱ ውሳኔዎች መካከል፣ በሰኔ 2024፣ ይኸው ፍርድ ቤት ፆታዋን ካስተካከለች በኋላ ቀድሞ በተቀመጠ ዘሯ ልጅ የተወለደላትን ትራንስጀንደር ሴት የልጁ ወላጅ ናት ብሎ ወስኗል። ምክንያቱም ዝምድናውን መካድ ልጁን ይጎዳል የሚል ነበር። በ2021 ያጸናው ክልከላ ግን በዚያ ችሎት አልተሻረም።