ሕግን የሚጽፍ እጅ፦ ቪዲዮ ጌም ኪነ ጥበብ ሊባል ይችላልን?

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ የመመረቂያ ፕሮጀክት ርእስ በሚመረጥበት ሰሞን፣ አንድ ተማሪ ወደ ቢሯችን መጥቶ ቪዲዮ ጌም መሥራት እንደሚፈልግ ነገረን። ተማሪው ያደገው በየካ ሚካኤል አካባቢ ነው። ያሰበው ጌም መኪና የሚነዳበት ወይም ጥይት የሚተኮስበት አልነበረም፤ ከእንጦጦ ጋራ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ተሸክማ ወደ ከተማ ስለምትወርድ ሴት ነበር። እኛም ብዙ ሳናስብ፣ «ይህማ ጨዋታ ነው፤ ቁም ነገር ያለው ርእስ ይዘህ ና» ብለን መለስነው። ሌላ ርእስ ይዞ መጣ፤ ሠራ፤ ተመረቀ። የሰጠነው መልስ ግን እስከ ዛሬ ይከነክነናል። ይህ ጽሑፍ ያንን መልስ ለማረም የሚደረግ ሙከራ ነው።

ክርክሩን ከራሳችን ሙያ እንጀምር። ብዙዎች ቪዲዮ ጌም ከንግድ ኩባንያዎች የመነጨ ነገር ይመስላቸዋል። ይሁን እንጂ ከመጀመሪያዎቹ አንዱን የሠራው የፊዚክስ ሊቅ ነው። ዊልያም ሂጊንቦታም በአሜሪካ የብሩክሄቭን ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ባልደረባ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1958 ለጎብኚዎች ቀን «ቴኒስ ለሁለት» የተባለውን ጨዋታ አዘጋጀ። መሣሪያው አንድ አናሎግ ኮምፒዩተርና አንድ ኦሲሎስኮፕ ብቻ ነበር። በስክሪኑ ላይ የሚታየው የሜዳው መስመር፣ መረቡና ኳሷን የምትወክል የብርሃን ነጥብ ናቸው። ጎብኚዎች ግን ይህንኑ ለመጫወት ተሰለፉ።

ለእኛ ትልቁ ትምህርት የሚገኘው ከዚያ በኋላ ከሆነው ነው። በሚቀጥለው ዓመት ጨዋታው ተሻሽሎ ሲቀርብ፣ ተጫዋቾች በጨረቃ ወይም በጁፒተር የስበት ኃይል መጫወት ቻሉ። የስበት ፍጥንጥነት በምድር ላይ በግምት 9.8፣ በጨረቃ 1.6፣ በጁፒተር ደግሞ ወደ 25 ሜትር በሰከንድ ካሬ ነው። በሥዕሉ ላይ ምንም አልተለወጠም፤ የተለወጠው አንድ ቁጥር ነው። በዚህ አንድ ቁጥር ግን የተጫዋቹ ትዕግሥት፣ ጥድፊያና ተስፋ አብረው ይለወጣሉ። በጨረቃ ላይ ኳሷን መጠበቅ አለበት፤ በጁፒተር ላይ መቸኮል አለበት። ሠዓሊ በቀለም፣ ዜመኛ በድምፅ የሚያደርገውን፣ ጌም ሠሪ በሕግ ያደርገዋል።

እንግዲህ አቋማችን ይህ ነው። የጌም ኪነ ጥበብነት በሥዕሉ ማማር ወይም በሙዚቃው ጥራት አይለካም። ሙዚቃው እርግጥ ትልቅ ደረጃ ደርሷል፤ ክሪስቶፈር ቲን ለ«ሲቪላይዜሽን 4» የደረሰው፣ በስዋሂሊ የሚዘመረው «ባባ ዬቱ» እ.ኤ.አ. በ2011 የግራሚ ሽልማት አግኝቷል። ነገር ግን ያማረ ሙዚቃ ያለው ጌም ሙዚቃው ኪነ ጥበብ መሆኑን እንጂ ጌሙ ኪነ ጥበብ መሆኑን አያስረዳም። ጌም ኪነ ጥበብ የሚሆነው ሕጉ ራሱ ትርጉም ሲሸከም ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ጄሰን ሮረር እ.ኤ.አ. በ2007 የሠራው «ፓሴጅ» ነው። ጨዋታው የሚፈጀው 5 ደቂቃ ብቻ ሲሆን ምስሉም እጅግ ሻካራ ነው። አንድ ወጣት ከስክሪኑ አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ይጓዛል። በመንገዱ አንዲት ሴት ያገኛል፤ ከፈለገ አብራው ትሄዳለች። አብረው ከሆኑ ወደ ፊት በተራመዱ ቁጥር የሚያገኙት ነጥብ ይጨምራል፤ ነገር ግን ሁለት ሆነው በጠባቡ መተላለፊያ ማለፍ ስለማይችሉ ብቻውን ቢሆን ሊደርስበት ይችል የነበረው ሀብት ይቀርበታል። እየተጓዙ ያረጃሉ። በመጨረሻ እርሷ ትሞታለች፤ የእርሱም እርምጃ ይከብዳል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እርሱም ይሞታል። በጨዋታው ውስጥ ስለ ፍቅርም ሆነ ስለ ሞት የተጻፈ አንድም ዐረፍተ ነገር የለም። ተጫዋቹ የሚረዳው በጣቶቹ ነው፤ መተላለፊያው ሲጠበው፣ እርምጃው ሲዘገይበት። የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ ስብስቡ ካስገባቸው የመጀመሪያዎቹ 14 ጌሞች አንዱ ይህ ነው።

ከተቃዋሚዎች መካከል ዝነኛው አሜሪካዊው የፊልም ሐያሲ ሮጀር ኢበርት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ቪዲዮ ጌም ከቶ ኪነ ጥበብ ሊሆን አይችልም ሲል ጽፏል። የክርክሩ ዋና ነጥብ፣ ጌም ሕግና ግብ ያለው፣ የሚሸነፉበትና የሚያሸንፉበት ነገር ነው፤ ኪነ ጥበብ ደግሞ ደራሲው የሚመራውና ሌላው የሚቀበለው ነው የሚል ነበር። በእርግጥ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ጌም ሳይጫወቱ ስለ ጌም መጻፍ ስሕተት እንደነበር አምኗል።

ይህ ተቃውሞ በቅኔ ላደገ ሕዝብ ብዙም አይከብድም። ቅኔ ከሕግ ውጭ አይኖርም። ጉባኤ ቃና 2 ቤት፣ መወድስ 8 ቤት እንዲሆን የሚያዝዘው ሕግ ቅኔውን አላመከነውም፤ ወለደው እንጂ። ሰሚውም ተቀባይ ብቻ አይደለም። ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ካላወጣ ቅኔው ለእርሱ አልተነገረም። ተማሪ በየዕለቱ አዲስ ቅኔ ሲቆጥር ከመምህሩ ጋር ብልሃት ይገጥማል፤ ይሸነፋል፤ ይረታል። በመሆኑም ሕግ፣ ውድድርና የሰሚ ድካም ኪነ ጥበብን ያስቀራሉ የሚል ሰው፣ ከእኛ ቅርስ ዋነኛውን ቀድሞ ከዝርዝሩ ማውጣት ይኖርበታል።

ይህን ስንል በየሰፈሩ ፕሌይስቴሽን ቤት የሚያልፈው ሰዓት ሁሉ ቅዱስ ነው ማለታችን አይደለም። መጥፎ ልብ ወለድ እንዳለ ሁሉ መጥፎ ጌምም አለ። ተጫዋቹን ይዞ ገንዘቡን ከመቀበል በቀር ሌላ ዓላማ የሌላቸው ብዙዎች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ላይ ከልክ ያለፈ የጌም ልማድን እንደ ሕመም መዝግቧል። የወላጆች ሥጋት መሠረት አለው። ሆኖም ግን አንድን ሥራ ኪነ ጥበብ ማለት ምስክር ወረቀት መስጠት ሳይሆን፣ «ምን ትላለህ? የምትለውስ እውነት ነው?» ብሎ የመጠየቅ መብት ማግኘት ነው።

ይህን ጥያቄ በራሳችን ጋራ ላይ እንሞክረው። «ሲቪላይዜሽን 6» በተባለው ጌም ላይ እ.ኤ.አ. በ2020 ኢትዮጵያ ስትጨመር መሪዋ ዳግማዊ ምኒልክ ሆኑ። ለእርሳቸው የተሰጠው ሕግ እንዲህ ይላል፦ በኮረብታ ላይ የተቆረቆረ ከተማ ከሚያመነጨው የእምነት ነጥብ 15 በመቶ የሚያህል የሳይንስና የባህል ነጥብ ያገኛል። በኮረብታው ላይም ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን መሥራት ይቻላል። በየካ ጋራ ላይ ያለውን ዋሻ ሚካኤልን የጎበኘ ሁሉ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። እነሆ፣ በሩቅ አገር የተጻፈ አንድ የቁጥር ሕግ ስለ እኛ ታሪክ ክርክር ያቀርባል፤ የዚህች አገር ዕውቀት ከእምነቷና ከተራራዋ ወጣ ይላል።

ክርክሩ ክብር ያለው ነው፤ ግን ጎደሎ ነው። ምኒልክና ጣይቱ ከእንጦጦ ኮረብታ ወርደው ከፍል ውኃው አጠገብ ነው አዲስ አበባን በ1879 ዓ.ም. የቆረቆሩት። ከጋራው ካስወረዷቸው ምክንያቶች መካከል ብርዱና የማገዶ እጥረቱ ይጠቀሳሉ። ለማገዶው ችግር መፍትሔ ሆኖ የመጣው ባሕር ዛፍ ጋራውን ሸፈነው፤ ለብዙ አሥርት ዓመታትም ጭራሮውን በጀርባቸው ያወረዱት ሴቶች ናቸው። በጌሙ ውስጥ ለኮረብታ ነጥብ አለ፤ ማገዶ የሚሸከም ጀርባ ግን የለም። የጌሙ ሠሪዎች ክፉ አስበው አይደለም። ሰው የሚጽፈው የሚያውቀውን ሕግ ነው።

ያን ሌላ ሕግ የሚያውቀው ተማሪያችን ነበር። በሐሳቡ ውስጥ ሴትዮዋ ብዙ ከተሸከመች የተሻለ ትሸጣለች፤ ነገር ግን ትዘገያለች፤ ቁልቁለቱም ያንሸራትታታል። ለማረፍ ሸክሟን ካወረደች መልሶ የሚያሸክማት ሰው መጠበቅ ይኖርባታል። ቁልቁለት፣ ሰበቃ፣ ክብደት፤ ሁሉም በአንደኛ ዓመት መካኒክስ የምናስተምራቸው ናቸው። እኛ ቀመሩን አስተማርነው፤ እርሱ ቀመሩ የሚሰማውን ሰው አገኘ። ቁም ነገር የለውም ያልነው ይህንን ነበር።

መንገዱ ፈጽሞ ያልተጀመረ አይደለም። በዳዊት አብርሃም የተመሠረተው ቅኔ የተባለው የአገር ውስጥ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮ የምትሮጥበትን «ኩኩሉ» የተባለ የስልክ ጌም አውጥቷል፤ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቷል። እነዚህ ጅምሮች ናቸው። ከዚህ የሚቀጥለው በየዩኒቨርሲቲው ያሉ የኮምፒዩተር፣ የፊዚክስ፣ የሥነ ጥበብና የሥነ ጽሑፍ ክፍሎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጡና የጌም ፕሮጀክት እንደማንኛውም ፕሮጀክት በጥብቅ መመዘኛ ሲመዘን ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ ጌም የምትጫወቱ ከሆነ ስታሸንፉም ስትሸነፉም «ይህን ሕግ ማን ጻፈው? ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ። ልትሠሩ የምታስቡ ካላችሁ ደግሞ በር አንኳኩ። እኛ በበኩላችን በሚቀጥለው ጊዜ «ጨዋታ ነው» ብለን አንመልስም። «ሸክሙ ስንት ኪሎ ነው? ቁልቁለቱስ ስንት ዲግሪ?» ብለን እንጀምራለን።