ኀፍረት ንስሐ አይደለም

በዚህ ግቢ አንድ የተለመደ ፈሊጥ አለ። «እኔ'ኮ ሃይማኖት አልጠላም፤ ግን ቤተ ክርስቲያን የምገባበት ፊት የለኝም» ይባላል። ተናጋሪው ትሑት የሆነ ይመስለዋል፤ ሰሚውም «እውነትህን ነው» ብሎ አንገቱን ይነቀንቃል። እኔ ግን ይህ ትሕትና አይደለም እላለሁ። ኀፍረት ነው፤ የንስሐን ካባ ሰርቆ የለበሰ ኀፍረት። እስቲ ካባውን እንግፈፈው።

ነገሬን ከጋይንት ልጀምር። በደቡብ ጎንደር፥ በጋይንት አገር፥ ቤተ ልሔም የምትባል ደብር አለች። የድጓ ምስክር ቤት ናት፤ እንደ ቆማና እንደ አጫብር ሁሉ በስሟ የሚጠራ የዜማ ስልት አላት። ድጓ ተምሮ የዘለቀ ሰው «አስመሰከረ» የሚባለው በእርሷ ነው። ለመሆኑ ወደዚያ የሚሄደው ተማሪ ማነው? ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ አንጠልጥሎ፥ ከመንደር መንደር «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ሲለምን የኖረ ልጅ ነው። አባቱ ጥሪት ያለው ገበሬ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ልጁ ይለምናል። ውሻ ይጮህበታል፤ አንዱ ቤት ቁራሽ ይሰጡታል፤ ሌላው ቤት «እግዜር ይስጥህ» ብለው ይሸኙታል። መለመን ያፈረ የቆሎ ተማሪ አይሆንም፤ ድጓም አይዘልቅም።

ይህን እንደ ተራ የችግር ታሪክ አትዩት፤ የይቅርታ ትምህርት ነው። ልጁ ዜማው ገና ከአፉ ሳይገባ፥ በሰው ደጅ ቆሞ መጠየቅን ይማራል። ጾመ ድጓውን ሲይዝ ደግሞ የሚያዜመው ይህንኑ ነው። በመጻጉዕ ሳምንት 38 ዓመት የተኛው በሽተኛ ይነሣል። በኒቆዲሞስ ሳምንት የአይሁድ መምህር በጨለማ ይመጣል። ልብ በሉ፤ የተከበረ ሰው ነበረና በቀን ለመምጣት ተሸማቀቀ፤ ሌሊት መጣ። ግን መጣ! «በቀን ካልሆነ አልቀበልህም» ያለውም የለም።

የድጓው ባለቤት ቅዱስ ያሬድስ? ትውፊቱ እንደሚነግረን በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም ትምህርት አልገባ ብሎት፥ አጎቱ መምህር ጌዴዎን ቢገርፉት ጊዜ ጠፍቶ ሄደ። ከዛፍ ሥር ተጠልሎ አንዲት ትል ግንድ ለመውጣት ስትሞክር፥ ስትወድቅ፥ በስተመጨረሻም ስትወጣ አየ። ይህን ታሪክ «ጽናት» በሚል ርእስ ያልጻፈ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። የምንዘለው ግን ቀጥሎ ያለውን ነው። ያሬድ ትሏን አይቶ እዚያው ዛፍ ሥር ሊቅ አልሆነም። በሸሸበት መንገድ ተመልሶ፥ ከመምህሩ ፊት ቆሞ፥ ይቅርታ ጠየቀ። «በየትኛው ፊቴ እመለሳለሁ?» ብሎ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ የዛሬዋ ቤተ ልሔም ምን ታስመሰክር ነበር?

እንግዲህ ኀፍረትና ንስሐ መንገዳቸው ለየቅል ነው። ኀፍረት «ሰው ምን ይለኛል?» ይላል፤ ንስሐ «ማንን በደልሁ?» ይላል። ኀፍረት ከቤት ያስወጣል፤ ንስሐ ወደ ቤት ይመልሳል። ይሁዳና ጴጥሮስ በአንድ ሌሊት ጌታቸውን የካዱ ናቸው። ይሁዳ ተጸጽቷል፤ ብሩን ሳይቀር መልሷል። ነገር ግን የሸጠው ጌታ ፊት መቅረብ አልቻለም፤ ወደ ገመድ ሄደ። ጴጥሮስ አልቅሶ ቆየ፤ ሲጠራም መጣ። ልዩነቱ የበደላቸው ትልቅነትና ትንሽነት አይደለም፤ አንዱ ከኀፍረቱ ጋር ብቻውን ቀረ፥ ሌላው ተመለሰ።

«ኀፍረት ባይኖር አገር ይባልግ ነበር» የሚል ወንድም አይጠፋም። መልካም፤ ዳኝነቱን እንይ። ልጅት ሳታገባ ስታረግዝ ነውሩ የማን ነው? የእርሷ። ልጁ ግን በሠርግ ቤት እስክስታ ይወርዳል። ተደፍራ የምትሸማቀቀው እርሷ፤ ደፋሪው በአደባባይ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። ድሀ ዳቦ ሲሰርቅ «ሌባ!» ተብሎ ይዋረዳል፤ የመንግሥት ገንዘብ የበላው «አቶ እገሌ» ተብሎ ከፊት ወንበር ይቀመጣል። ዛሬ ደግሞ የሰው ገመና በስልክ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ የሚያዞረው አያፍርም፥ ያፈረችው ግን ትምህርቷን ጥላ ትሄዳለች። ይህ ነው አገር የሚጠብቀው ዳኛ? ደካማውን እየያዘ ጉልበተኛውን የሚያሳልፍ!

ኀፍረት የሚያየው ከውጭ ነው። እንግሊዛዊው ቶማስ ፓክንሃም በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቤተ ልሔምን ሲጎበኝ፥ ከውጭ የታየው እንደ ሌላው የገጠር ደብር ክብ የሣር ክዳን ነበር፤ ከክዳኑ ሥር ግን በተጠረበ ድንጋይ የታነጸ ባለ አራት ማዕዘን ጥንታዊ ሕንፃ ቆሞ ነበር። ክዳኑን አይቶ የተመለሰ ሰው ቤተ ልሔምን አየሁ ማለት ይችላል? ሰውንስ በአንድ ነውሩ አየነው ማለት እንችላለን?

ሌላው ተቃውሞ ይበልጥ ከባድ ነው። «ይቅርታ በነጻ ከሆነ ሰው ሁሉ እየበደለ ይናዘዛ!» ይላሉ። እስቲ ዋጋቸውን እናስተያይ። ንስሐ መናዘዝ ይጠይቃል፤ ቀኖና ይጠይቃል፤ የወሰዱትን መመለስ ይጠይቃል። ዘኬዎስ ቀራጩ ከዛፍ ሲወርድ እኩሌታ ሀብቱን ለድሆች፥ ለበደለው ሰው ደግሞ አራት እጥፍ እከፍላለሁ አለ። ኀፍረትስ ምን ያስከፍላል? አንገት መድፋት ብቻ። ያፈረ ሌባ የሰረቀውን አይመልስም፤ ይደብቀዋል እንጂ። ርካሹ የትኛው ነው ታዲያ?

ይህን አገሬው ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል። ደም የተቃቡ ሰዎች ሲታረቁ፥ የበደለው ሽማግሌ አስቀድሞ፥ ድንጋይ ተሸክሞ ከተበዳዩ ወገን ፊት ይወድቃል፤ ካሣውንም ይከፍላል። ድንጋዩን በገዛ እጁ አያወርደውም፤ «አውርድ» እስኪሉት ይጠብቃል። እኛም ድንጋይ ተሸክመናል። የእኛ ግን በየዶርሙ፥ መብራት ሲጠፋ፥ ብቻችንን የምንሸከመው ነው። ከማንም ፊት ስለማንቀርብ «አውርድ» የሚለን የለም።

ውጤቱን እሑድ እሑድ እዩት። በብዙ ደብር ለቁርባን የሚቀርበው ማነው? በእናቱ እቅፍ ያለ ሕፃንና ምርኩዝ የያዘች አሮጊት። ሕፃኑ ገና አልበደለም፤ አሮጊቷም የመበደያ ጉልበቷ አልቋል። በመካከል ያለነው፥ መድኃኒቱ የሚያስፈልገን፥ ከዐፀዱ ዛፍ ተደግፈን፥ በር ስመን እንመለሳለን። የነፍስ አባታችንም ለዓውደ ዓመት ጠበል ጸዲቅ የሚጠሩ እንግዳ ሆነዋል፤ ኑዛዜው ለሞት አልጋ ተቀጥሯል። የታመመ ሰው «ስድን ሐኪም ቤት እሄዳለሁ» ቢል እንስቅበት ነበር!

ሆኖም በዓመት አንድ ቀን ይህ ኀፍረት ሲሸነፍ ዐይተናል። በስቅለት ዕለት ስግደቱ ሲያበቃ ሁሉም ተራ ይይዛል። ቄሱ በወይራ ቅጠል ጀርባውን ቸብ ቸብ ያደርጉታል፤ የሚሰግደውን ቁጥር ይነግሩታል። ሹሙም፥ ሴተኛ አዳሪዋም፥ ተማሪውም ጎንበስ ይላሉ። ማንም ማንንም «አንተ ደግሞ ምን አደረግህ?» አይልም፤ ሁሉም ለዚያው ነገር ተሰልፏላ! ታዲያ የስቅለት ዕለት የቻልነውን በሌላው ቀን ማን ከለከለን?

ወንድሞችና እኅቶች፥ «ፊት የለኝም» የምትሉ ሁሉ፥ ስለ ፊታችሁ የጠየቃችሁ የለም። ዳዊት የኦርዮን ሚስት ወስዶ፥ ኦርዮንንም አስገድሎ፥ ነውሩ በአደባባይ ተነግሮበታል፤ የንስሐ ጸሎቱን ግን አልደበቀውም፤ ይኸው እስከ ዛሬ አገር ሁሉ ጠዋት ማታ ይደግመዋል። የበደላችሁት ሰው ካለ ሂዱና ካሡት፤ የነፍስ አባት ካላችሁ ለዶሮው ቀን አትቅጠሯቸው። በቀን ከከበዳችሁ እንደ ኒቆዲሞስ በሌሊት ሂዱ። የጋይንቱ የቆሎ ተማሪ ለቁራሽ እንጀራ የማያፍረውን፥ እኛ ለነፍሳችን እንፈር?